ወረታ ላይ ሳይመረጥ የቀረው ጋማ

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የአሜሪካው የሬስሊንግ ኮከብ ሐልክ ሆጋን ሞተ ሲባል፣ እኔ ትዝ ያለችኝ አሜሪካ ሳትሆን ወረታ ናት፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡

በ1999 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ለአንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር እሄድ ነበር፡፡ ወረታን የሚያውቅ ያውቃታል፡፡ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ሲቀጥል ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚገነጠለው እዚያ ነው፡፡ ስለዚህ መኪና መቀየር፣ ከተቀየረ ደግሞ እስኪሞላ መጠበቅ የግድ ነው፡፡ እኔም አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ፡፡ ጥግ ላይ አምስት ወጣቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ፡፡ ሕግ የተማረ ሰው አመል ሆኖብኝ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፡፡ የድንበር ክርክር መስሎኝ ነበር፡፡ ለካስ የሚከራከሩት ስለ ሬስሊንግ ኖሯል፡፡

ጨዋታቸው የራሱ ሥርዓት አለው፡፡ ከጥንት እስከ ዛሬ በቪዲዮ ቤት ካዩአቸው ታጋዮች ውስጥ ተራ በተራ አንድ አንድ ይመርጣሉ፡፡ (ታጋይ የምለው በጥንቱ ፍቺው ነው፤ ቃሉ በኋላ ወደ ሌላ ሥራ መዛወሩን አልረሳሁም፡፡) አንዱ የወሰደውን ሌላው አይነካም፡፡ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሲሞላላቸው የማን ቡድን የማንን ይጥላል ተብሎ ክርክር ይከፈታል፡፡ የተረታ ሻይ ይከፍላል፡፡ ዕጣ የወጣለት አንደርቴከርን ወሰደ፡፡ ተከታዩ ዘ ሮክን፣ ሦስተኛው ስቶን ኮልድን አነሳ፤ ጆን ሲናንና ባቲስታን ተሻሙባቸው፡፡ ሆጋን አርጅቷል ተብሎ የተጠራው በኋለኛው ዙር ነው፡፡ አንድሬ ዘ ጃይንት ደግሞ በቁመቱ ብቻ ተመረጠ፡፡

ከአምስቱ አንዱ ዝም ያለ ልጅ ነበር፡፡ ከጨዋታቸው እንደተረዳሁት ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ያደገው ግን ርብ ወንዝ አካባቢ ከብት ሲጠብቅ ነው፡፡ ተራው ሲደርስ ስም ከመጥራት ይልቅ ጥያቄ አነሳ፡፡ ከእነዚህ ሁሉ የምሩን የታገለው የትኛው እንደሆነ ጠየቃቸው፡፡ ጠረጴዛው ፀጥ አለ፡፡ ፎገራ ሜዳ ላይ ያደገ እረኛ ትግል ምን እንደሆነ ያውቃል፡፡ ከብቱ ሳሩን ሲግጥ እሱ ከእኩያው ጋር ይያያዛል፣ ይጠልፋል፣ ይጠለፋል፡፡ የወደቀ ወደቀ ነው፡፡ ከሰዓት በኋላ ለማን እንደሚወድቅ ጠዋት ጽፎ የሚሰጠው የለም፡፡

ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ፡፡ ጋሼ ብለው ጠርተው እንድፈርድ፣ ያም ካልሆነ የእኔን አንድ ሰው እንድመርጥ ጠየቁኝ፡፡ ከሆጋን ሌላ የማውቀው ስም አልነበረም፡፡ እግዜር ይስጠው ረዳቱ ደብረ ታቦር እያለ ሲጣራ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ፡፡ ሰው ያከበረውን ዳኝነት ጥሎ መሄድ ግን ደስ አይልም፡፡ የዚያ ልጅ ጥያቄ እንደ ዕዳ ተከተለኝ፡፡ በየጊዜው ስለ ትግል ታሪክ ያገኘሁትን ሳነብ ከርሜ፣ ዛሬ ዕዳዬን ልከፍል ነው፡፡

የእኔ ምርጫ ፎቶው በቪዲዮ ቤት በር ላይ ተለጥፎ የማያውቅ ሰው ነው፡፡ ስሙ ጋማ ይባላል፡፡ በእኛ አፍ የፈረስ ጋማ ቢመስልም በሕንድና በፓኪስታን ስሙ ሲጠራ ሽማግሌ ሁሉ ቀና የሚልለት ሰው ነው፡፡

ሙሉ ስሙ ጉላም ሙሐመድ ነው፤ ጋማ የቁልምጫ መጠሪያው ነበር፡፡ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1878 ገደማ፣ እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው ሕንድ፣ በፑንጃብ ግዛት ነው፡፡ ወገኖቹ ከካሽሚር የመጡ ሙስሊሞች ሲሆኑ ትግል የቤተሰቡ ሙያ ነበር፡፡ አባቱ ታጋይ ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተ፡፡ የእናቱ አባት፣ ቀጥሎም አጎቱ ተቀብለው አሳደጉት፡፡ እነሱም ታጋዮች ናቸው፡፡

ስሙ መጀመሪያ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1888 በጆድፑር ከተማ ነው፡፡ የአገሩ ገዥ (መሐራጃ ይሉታል) ከ400 በላይ ታጋዮችን ሰብስቦ የጉልበት ውድድር አደረገ፡፡ ውድድሩ ቁጢጥ እያሉ የመነሳት ነው፤ የደከመው ይወጣል፣ የጸናው ይቀራል፡፡ የአሥር ዓመቱ ልጅ እስከ መጨረሻዎቹ 15 ሰዎች ድረስ ዘለቀ፡፡ ገዥውም ዕድሜውን አይቶ አሸናፊነቱን ለእሱ ሰጠው፡፡ ከዚያ በኋላ ዳቲያ የምትባል ትንሽ ግዛት መሐራጃ ወሰደው፡፡ ቀለብ ሰፈረለት፣ አሠልጣኝ ሰጠው፡፡ ልብ በሉ፤ ሙስሊሙን ልጅ አብልቶ ለወግ ያበቃው የሂንዱ ገዥ ግቢ ነው፡፡ ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ፡፡

የጋማ ሥራ በየቀኑ ነው፡፡ ማለዳ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል፣ በደረቱ ተኝቶ በእጁ ይነሳል፡፡ ተቆፍሮ በለሰለሰ አፈር ላይ ደግሞ ከ40 የሚደርሱ ጓደኞቹ ጋር ተራ በተራ ይታገላል፡፡ ቀለቡ ወተት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ለውዝና ሥጋ ነው፡፡ የፎገራን ላም ለሚያውቅ ሰው ወተት ጉልበት እንደሚሆን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፡፡ ቪዲዮ ቤቶቻችን ያነገሡት ብሩስ ሊ ሳይቀር የጋማን አሠለጣጠን ያጠና እንደነበር ይነገራል፡፡

በ17 ዓመቱ የአገሩን አንደኛ ታጋይ ራሂም ባክሽን ገጠመ፡፡ ራሂም ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፡፡ ጋማ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው፡፡ ሰው ሁሉ ልጁ ይሰበራል ብሎ ጠበቀ፡፡ ረጅም ሰዓት ታግለው አቻ ወጡ፡፡ አቻ መውጣቱ ራሱ ለጋማ ድል ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕንድ ውስጥ ስሙ ከራሂም እኩል ይጠራ ጀመር፡፡

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1910 ጋማ ከወንድሙ ከኢማም ባክሽ ጋር በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተጓዘ፡፡ በዚያ ዘመን ነጻ ትግል በአውሮፓና በአሜሪካ ገንዘብና ቀበቶ የሚያዝበት ትልቅ ሥራ ነው፡፡ ኮከቦቹ ሩሲያን ወክሎ የገነነው ሐከንሽሚት፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ጎች፣ የፖላንዱ ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ ናቸው፡፡ አዘጋጆቹ ግን ጋማን አይተው አጭር ነህ አሉት፤ ውድድሩ ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉት፡፡ ከቅኝ ግዛት የመጣ አጭር ሰው ቁመት ተለክቶ ተመለሰ ማለት ነው፡፡

ጋማ አቤቱታ አላስገባም፡፡ ያደረገው ሌላ ነው፡፡ በየትኛውም ክብደት ያሉ ማናቸውንም ሦስት ታጋዮች በ30 ደቂቃ ውስጥ እንደሚጥል አስነገረ፡፡ ለጊዜው ማንም አላመነውም፤ የገበያ ማሟሟቂያ መሰላቸው፡፡ በመጨረሻ አሜሪካዊው ዶክተር ቤንጃሚን ሮለር ቀረበ፡፡ ጋማ መጀመሪያ በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ፣ ቀጥሎ በ9 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ በጀርባው ዘረረው፡፡ በማግስቱም 12 ሰዎች ጥሎ የውድድሩን በር እንዳስከፈተ ይተረካል፡፡

የፍጻሜው ቀን መስከረም ሊጠባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1910 በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1902 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፡፡ እዚህ አገር ዐፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ይዘዋል፤ እዚያ ለንደን ጋማ ከዝቢሽኮ ጋር ተያይዟል፡፡ የተያዘው ሽልማት 250 ፓውንድና ጆን ቡል የተባለው ቀበቶ ነው፡፡ ዝቢሽኮ በክብደት ጋማን በብዙ ይበልጣል፡፡ ቢሆንም ገና ከመጀመሪያው ተጎትቶ ወደቀና ከዚያ በኋላ በሆዱ ተለጠፈ፡፡ በትግል ሕግ የሚሸነፈው በጀርባው የወደቀ ነው፤ በሆዱ የተኛ አልተሸነፈም፡፡ ሕጉን ተጠልሎ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ምንጣፉን አቅፎ ተኛ፡፡ ጋማ ሊገለብጠው ለፋ፤ አልሆነም፡፡ ጨዋታው አቻ ተባለና ለሳምንቱ ተቀጠረ፡፡

በሳምንቱ፣ መስከረም 7 ቀን 1903 ዓ.ም. ጋማ ቀረበ፤ ዝቢሽኮ አልቀረበም፡፡ ፍርድ ቤት ተከሳሽ ተጠርቶ ሳይቀር ሲቀር ነገሩ በሌለበት ይታያል፤ እዚያም እንዲሁ ሆነ፡፡ ቀበቶው ለጋማ ተሰጠ፡፡ ጎችን፣ ሐከንሽሚትን፣ ጃፓናዊውን ታሮ ሚያኬን እንዲገጥሙት ጠራቸው፤ አልገጠሙትም፡፡ ስለዚህ ጋማ ከጎች ይበልጥ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ ፍርድ የሚሰጥ ችሎት የለም፡፡ መዝገቡ የሚያሳየው ጋማ መጥራቱን፣ ሌሎቹ አለመምጣታቸውን ብቻ ነው፡፡ ወደ አገሩ ተመልሶ ግን አንድ የቆየ ጉዳይ ዘጋ፡፡ አላሐባድ ላይ ያንን ረጅሙን ራሂም ባክሽን አሸነፈ፡፡

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ሰዎች መንገድ ይለያያል፤ የወረታው ልጅ ጥያቄም መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፡፡ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትግል ወደ ቴአትር ዞረ፡፡ እውነተኛ ትግል፣ ዝቢሽኮ ለንደን ላይ እንዳሳየው፣ ለተመልካች የሚሰለች ሊሆን ይችላል፡፡ ነጋዴዎቹ ይህን አይተው ሰዓቱን አሳጠሩ፣ ዝላዩን አበዙ፣ አሸናፊውን አስቀድመው ይወስኑ ጀመር፡፡ ዝቢሽኮም የዚሁ ገበያ ሰው ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1925 ፊላዴልፊያ ላይ ዌይን መን ለተባለ የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) ሰው እንዲወድቅ ተዋውሎ ገባ፡፡ ይህ መን ትግል የማያውቅ፣ በነጋዴዎቹ የተቀባ ሻምፒዮን ነበር፡፡ ዝቢሽኮ ውሉን አፍርሶ የምሩን ታገለውና ደጋግሞ ዘረረው፡፡ ሕግ ለተማረ ሰው አስቂኝ ነው፤ በዚያ ሙያ ውል ማፍረስ ማለት እውነቱን መታገል ሆነ ማለት ነው፡፡

ነገሩ በሕግ ቋንቋ የተነገረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1989 የሆጋን አሠሪ ድርጅት ኒው ጀርሲ በተባለው ግዛት የሕግ አውጪዎች ፊት ሬስሊንግ መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም የሚል አቋም አቀረበ፡፡ ምክንያቱ ገንዘብ ነው፡፡ ውድድር ከሆነ የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ይከተለዋል፤ ትርዒት ከሆነ አይከተለውም፡፡ እንግዲህ ወጣቱ ወረታ ላይ የጠየቀውን ድርጅቱ ራሱ ከ18 ዓመት በፊት መልሶለት ነበር፡፡ ይህን ስል ሥራቸውን ማናናቄ አይደለም፡፡ ከከፍታ መውደቅ ቢጻፍም ባይጻፍም አጥንት ይሰብራል፡፡ ቴአትርም ክቡር ሙያ ነው፡፡ ግን ሚዛኑ ይለያያል፡፡

ዝቢሽኮ የለንደኑን ነውር ተሸክሞ 18 ዓመት ኖረ፡፡ እ.ኤ.አ. በጥር 1928 ሕንድ ድረስ መጣ፡፡ ያኔ ሁለቱም ወደ ሃምሳ ተጠግተዋል፡፡ ፓቲያላ በተባለች ግዛት የሲኩ መሐራጃ ሜዳ አዘጋጀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ፡፡ በዚህ ጊዜ መተኛት የለም፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዝቢሽኮ በጀርባው ወደቀ፡፡ ለፍትሕ ሲባል ለዝቢሽኮም አንድ ነገር ይነገርለት፡፡ በሌለበት የተፈረደበት ሰው በእርጅናው ባሕር ተሻግሮ ችሎት ቀረበ፡፡ አሸናፊውንም አድንቆ እንደተለየው ይነገራል፡፡ በዓመቱ ጋማ ጄሲ ፒተርሰንን ጥሎ ከዚያ ወዲህ የሚገጥመው ጠፋ፡፡

እስከዚህ ያለው ለመመረጥ ይበቃዋል፡፡ እኔ ግን አንደኛ ያደረግሁት ለዚህ ብቻ አይደለም፡፡

በ1939 ዓ.ም. ነሐሴ ወር እንግሊዝ ሕንድን ለሁለት ቆርሳ ወጣች፡፡ ድንበሩ ፑንጃብን መሀል ለመሀል ቀደዳት፡፡ አምሪትሳር ወደ ሕንድ፣ ላሆር ወደ ፓኪስታን ሆኑ፡፡ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወረታ ባሕር ዳር ከሚያደርሰው ብዙም አይለይም፡፡ በዚያች መንገድ ላይ የሆነው ግን ሰው ሊሰማው የሚከብድ ነው፡፡ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተነቀለ፤ ሙስሊሙ ወደ ምዕራብ፣ ሂንዱውና ሲኩ ወደ ምሥራቅ ጎረፈ፡፡ በየባቡሩ፣ በየመንደሩ ሰው ታረደ፡፡ ትናንት ቡና ሲጣጣ የነበረ ጎረቤት ገጀራ ይዞ በር አንኳኳ፡፡

ጋማ ያኔ ወደ ሰባ የተጠጋ ሽማግሌ ነው፤ ላሆር ውስጥ ነበር፡፡ ሞሂኒ በተባለው ሰፈሩ የሂንዱ ጎረቤቶች ነበሩት፡፡ የላሆር ሰዎች ከልጅ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩት ታሪክ እንዲህ ይላል፡፡ የራሱ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ ሕዝብ ሰፈሩን ሊያጠፋ ሲመጣ ጋማ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር መንገድ ዘግቶ ቆመ፡፡ ቀድሞ የደፈረውን አንዱን በጥፊ ሲያጋድመው የቀረው ተመለሰ፡፡ ከዚያም ጎረቤቶቹን ለመንገድ የሚሆን ስንቅ አሲዞ እስከ ድንበሩ ሸኛቸው፡፡ በዚያ ዕለት የመረጠው ወገን ብዛት ያለው አልነበረም፤ በዚያ ላይ የራሱም አልነበረም፡፡ ሂንዱ አብልቶት፣ ሲክ ሜዳ አሰናድቶለት ያደገና የገነነ ጉልበት ለማን እንደሚውል ያወቀ ሰው ነበር፡፡ አንባቢ ይያዝልኝ ያልሁት ይህንን ነው፡፡

መጨረሻው ምቾት አልነበረውም፡፡ መሐራጃዎቹ ከነግምጃ ቤታቸው ታሪክ ሆኑ፤ ቀለብ የሚሰፍር ጠፋ፡፡ ልብና አስም በሽታ ተጫወቱበት፡፡ ችግሩ ሲሰማ ከድንበሩ ማዶ፣ ጠላት ከተባለችው አገር፣ ቢርላ የተባለ የሂንዱ ባለሀብት የወር ድጎማ ቆረጠለት፤ የፓኪስታን መንግሥትም ለሕክምናው ረዳው፡፡ ግንቦት 15 ቀን 1952 ዓ.ም. በ82 ዓመት ገደማ ዕድሜው ላሆር ላይ አረፈ፡፡ የወንድሙ ልጅ አክራም እ.ኤ.አ. በ1976 ካራቺ ላይ ከጃፓናዊው አንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር ገጥሞ ክንዱ ተሰብሮ ሲሸነፍ የዚያ ቤት የትግል ዘመን መሸ፡፡ ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የናዋዝ ሸሪፍ ባለቤት ኩልሱም የጋማ የልጅ ልጅ ነበረች፡፡

እነዚያ አምስት ልጆች ዛሬ የት እንደደረሱ አላውቅም፡፡ በሕይወት ካሉ ወደ አርባ ተጠግተዋል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ለዕድሜ እኩዮቻቸው የሰጣቸው ምርጫ ከሬስሊንጉ ምርጫ የከበደ ነው፡፡ በአገራችን ጉልበተኛ አጥተን አናውቅም፡፡ የየወገናችንን ኃያላን እንደ ልጆቹ ተራ በተራ መርጠን ቡድን ስንሞላ፣ ማን ማንን ይጥላል ብለን ስንከራከር ስንት ዘመን ሆነን? የጎደለን በራሱ ወገን ፊት ለጎረቤቱ በር ላይ የሚቆም ነው፡፡ እንዲህ ያለው ሰው ሲገኝም የኛ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ከሃዲ ይባላል፡፡

ስለዚህ ለዚያ ሩዝ ፈልፋይ ወጣት የዘገየው ፍርዴ ይህ ነው፡፡ የምሩን የታገለ ጋማ ነው፤ ለንደን ላይም፣ ፓቲያላ ላይም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳኛና ቀበቶ ባልነበረበት በላሆሩ መንገድ ላይ፡፡ ተራዬ ቢደርስ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው፡፡ በእድሜዬ ዘግይቼ ስለመለስሁም ያልከፈልሁት የሻይ ሒሳብ ካለ የእኔ ነው፡፡